ሳይነበብልህ የፈረምከው

በጃቫስክሪፕት የኢቴሬየም ዝውውር መፍጠር ከባድ አይደለም። ለማን፣ ስንት፣ ከዚህ ሒሳብ ስንተኛው እንደሆነ፣ አብሮት የሚሄድ ዳታ፤ በቃ። ኢተርስን የመሰለ ላይብረሪ ሁሉንም ጠቅልሎ 32 ባይት ሀሽ ያወጣለታል፣ የግል ቁልፍህ የሚፈርመውም እሱን ነው።

ችግሩ፣ 32 ባይት የሚያነብ ሰው የለም። የምናነበው ስክሪኑን ነው። ስክሪኑ ላይ የሚጽፈው ደግሞ ሌላ ጃቫስክሪፕት ነው።

የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ባይቢት ከተባለው የክሪፕቶ መገበያያ ወደ 1.5 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት ኢተር ተዘረፈ። ኤፍቢአይ ዘራፊዎቹ የሰሜን ኮሪያ ናቸው ብሏል። ቁልፍ አልተሰረቀም። የተነካው ሴፍ የተባለው የጋራ ዋሌት ገጽ ጃቫስክሪፕት ነው፦ ለፈራሚዎቹ የለመዱትን ዝውውር እያሳየ፣ ለፊርማ የላከው ግን ዋሌቱን ለሌባ የሚያስረክብ ትእዛዝ ነበር። ከተቀየሩት ነገሮች አንዱ ‹ኦፕሬሽን› የምትባል ቁጥር ናት፤ ከ0 ወደ 1። መጨረሻ ላይ የፈረመው የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ቤን ዡ ራሱ ነው። ብሎክቼኑ ፊርማዎቹን መረመረ፣ ትክክል ሆነው አገኛቸው። ዛሬም ትክክል ናቸው።

ታዲያ ሰዎቹ ተስማምተዋል?

‹‹ኮድ ሕግ ነው›› ባዮች አዎ ይላሉ፤ ቁልፉ ያንተ፣ ፊርማው ያንተ፣ አለቀ። ለኔ አይዋጥልኝም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንኳ፣ አንቀጽ 1728 ላይ፣ ዓይነ ስውር ወይም ማንበብ የማይችል ሰው ያኖረው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። አሻራው የሰውየው መሆኑ እኮ አላከራከረም! የሚያጠራጥረው የተነበበለትና የፈረመበት አንድ መሆኑ ነው። 32 ባይት ፊት ደግሞ ሁላችንም ማንበብ አንችልም፣ ዶክትሬት ያለውም ጭምር።

‹‹የአገልግሎት ውልንስ መች አንብበን ነው የምንስማማው?›› ትሉ ይሆናል። ልክ ነው፤ ግን እዚያ ስንፍናችን ነው፣ ብንፈልግ እናነበዋለን። እዚህ ዓይንህን ብታፈጥም ከሀሽ ሌላ የሚታይህ ላይኖር ይችላል።

ስለዚህ ጣቴን የምቀስረው ከፈራሚው ይልቅ ገጹን ወደምንሠራው ዴቨሎፐሮች ነው። እኛ ነን አንባቢዎቹ። ደግሞ ሌባ ሳይገባም አሳጥረን እናነባለን። ቶክን ልትለውጥ ስትል ‹ፍቀድ› የሚል ቁልፍ ይመጣልሃል፤ ዳታው ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ያልተገደበ መጠን ተጽፏል። ‹ከዚህ ቶክን ያለህንም ወደፊት የሚኖርህንም፣ እስክትሰርዘው ድረስ› ብሎ መጻፍ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።