መከታና መሸሸጊያ

አንዲት ነፍሰ ጡር ለደም ማነስ የታዘዘላትን የአይረን (ብረት) እንክብል ጠረጴዛ ላይ ትታ ወደ ጓዳ ብትገባና ሕፃን ልጇ ቢውጠው፣ ጥፋቷ እንዲሁ እንክብል ጠረጴዛ ላይ ትታ የራሷ ልጅ ሳያየው ከቀረላት ጎረቤቷ ይበልጣል? የሁለቱም ቸልታ አንድ ነው፤ የተለያየው ውጤቱ ብቻ ነው። በርናርድ ዊሊያምስና ቶማስ ኔግል በ1976 እ.ኤ.አ. ይህን ጥያቄ «የሞራል ዕድል» ብለው አንሥተውታል። ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚፈርደው በውጤቱ ነው።

ኦሪት ዘዳግም ጉዳዩን በሁለት በኩል ያየዋል። ምዕራፍ 22 ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ያዛል፤ ግዴታው ማንም ሳይወድቅ የሚጀምር ነው። ምዕራፍ 19 ደግሞ እንጨት ሲቆርጥ የመጥረቢያው ብረት ወልቆ ሳያስበው ባልንጀራውን ለገደለ ሰው መሸሸጊያ ከተማ ይሰጣል።

መከታውን የመሥራት ግዴታ የእናቲቱ ብቻ አይደለም፤ አምራቹንም ይመለከታል። በአሜሪካ በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣ ደንብ በአንድ ፍሬ 30 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ አይረን ያለው እንክብል አንድ በአንድ ተለያይቶ እንዲታሸግ አስገድዶ ነበር። በ2003 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤት ደንቡን ያወጣው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ይህን የማዘዝ ሥልጣን የለውም ብሎ ሻረው። ለሕግ ሰዎች ክርክሩ የሥልጣን ይሁን እንጂ፣ መከታ ማፍረሱ አልቀረም።

ከወቀሳ መሸሸጊያው ደግሞ የሚያስፈልገው ሐኪም ፊት ነው። ሐኪሙ የጉዳቱን መጠን የሚገምተው ስንት ፍሬ እንደተዋጠ ሲነገረው ነው፦ 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን እያንዳንዱ 60 ሚሊ ግራም ንጹሕ ብረት ያለው 10 ፍሬ ከዋጠ፣ በኪሎ 60 ሚሊ ግራም ደረሰው ማለት ነው፤ ይህም ለሕይወት ያሰጋል። «ምን ዓይነት እናት ነሽ!» ተብላ የምትሸማቀቅ እናት ቁጥሩን ልታሳንስ ወይም ልትዘገይ ትችላለች። ሕመሙም ለመዘግየት ይመቻል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፣ ደምም ሊኖረው ይችላል፤ ከዚያ ልጁ የተሻለው መስሎ ሊጫወት ይችላል፤ ቀጥሎ የደም ግፊቱ ሊወርድ፣ ጉበቱም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ወቀሳን ማቆየት ከርኅራኄም በላይ የሕክምናው አካል ነው።

መርዝን ለመያዝ የሚሰጠው የሕክምና ከሰል ብረትን አይዝም፤ በጽኑ ለተመረዘ ልጅ ሐኪሞች ብረቱን ከደም የሚያወጣውን ዴፈሮክሳሚን ይሰጣሉ። እንክብል የዋጠ ልጅ ቢኖር በግድ አታስመልሱት፤ «ተሽሎታል» ብላችሁም አትቆዩ፤ ዕቃውን ከተረፈው ፍሬ ጋር ይዛችሁ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።