ለማየት የሄድን ዕለት

በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ከመምጣቱ ሁለት ዓመት ግድም ቀደም ብሎ፣ በጥር 2011 ዓ.ም.፣ አምስት ሆነን መኪና ተከራየንና ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ከመቀሌ ተነሣን። ጉዟችን ወደ ዳሎል ነበር፤ ደርሶ መልስ የአንድ ቀን ሽርሽር። አጉላዕን አልፈን ወደ በርሃሌ ስንወርድ ጆሯችን ይደፈን ጀመር። ከባሕር ወለል በላይ ከሁለት ሺህ ሜትር ከፍታ ተነሥቶ፣ ከባሕር ወለል በታች ከመቶ ሜትር በላይ ወደሚዘቅጥ ምድር በአንድ ጠዋት መውረድ እንዲያው ቀላል ነገር አይደለም።

ስለ ዳሎል ውበት ብዙ ስለተጻፈ አላደክማችሁም። ከሥር ያለው የቀለጠ አለት ያሞቀው ውሃ ጨውና ድኝ ይዞ ይወጣል፤ ብረት ሲጨመርበት ምድሩ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ ይሆናል። አፋችንን ከፍተን ቆምን። እዚህ ድረስ የሚያከራክር ነገር የለም።

ነገሩ የመጣው ከዚያ ወዲያ፣ አሳሌ ሐይቅ ዳር ካለው የጨው ሜዳ ስንደርስ ነው። ቀይ ባሕር በጥንት ዘመን እየገባ ሲደርቅ የተወው ይህ ጨው ውፍረቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሰዎቹ በእንጨት እየፈነቀሉ፣ በመጥረቢያ እየጠረቡ አሞሌ ያወጣሉ። ግመሎቹ በሰልፍ ተንበርክከዋል። ከመካከላችን አንዱ ካሜራውን አውጥቶ “እንዴት ያምራል!” አለ። እኔም ብያለሁ። ከዚያ አንዱን ጠራቢ “አንዴ ቀና በልልን ወንድሜ” አልነው። ቀና አለ። እጁ በጨው ተሰነጣጥቋል። የሚከፈለው በጠረበው ልክ ነው፤ ለእኛ ፎቶ የቆመባት ደቂቃ የእርሱ ኪሳራ ናት።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ ሌላው ላቡን የሚያፈስበትን ቦታ “ያምራል” ማለት ይገባል ወይ?

ጓደኛዬን ጥያቄው አላስቸገረውም። “ጎብኚ ገንዘብ ያመጣል” አለኝ። ያመጣል፤ ግን ያን ቀን የከፈልነው ለመኪናውና ለመንገድ መሪው ነው። ለጠራቢው የደረሰው አንድ ጠርሙስ ውሃ ነው። እኔ ደግሞ በተቃራኒው፣ እዚያ ቦታ ማድነቅ ራሱ ነውር ነው ወደ ማለቱ ተጠግቼ ነበር። ያረመኝ ሰውዬው ነው። ውሃውን ሲቀበለኝ በትግርኛ፣ “ዘግይታችኋል፤ ፀሐይ ስትወጣ ብትመጡ ሜዳው ሁሉ ቀይ ነበር። እኔ ሁልጊዜ አያታለሁ” አለኝ።

አፈርኩ። ከድካሙ በቀር ምንም የማይታየው አድርጌ አዝኜለት ነበርና። ጓደኛዬ ሰውዬውን ከግመሉ ጋር ደመረው፤ እኔ በሐዘኔታዬ ዓይኑን ነሣሁት። እንደ እኔ እንደ እኔ የኔው ይብሳል፤ ጽድቅ መስሎኝ ነበርና።

ያ ጨው ለመቀሌ ልጅ እንግዳ አይደለም። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ አገራችንን ሲያይ ጨው ገንዘብ ነበር፤ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያም ሲገበያዩበት ቆይተዋል። እኔም በልጅነቴ ከወጡ ጋር ስበላው አድጌአለሁ። በማግስቱ እናቴ ገበያ ላከችኝ። ሻጯ ዋጋውን ስትነግረኝ፣ “ከአንዱ አሞሌ ላይ ሁለት ብር ካልቀነስሽ” ብዬ ፀሐይ ላይ ቆሜ ተከራከርኩ። ቀነሰችልኝ። በመኪናው ኪራይ ላይ ግን ከአምስታችን አንድም ሰው ቃል አልተናገረም ነበር።