ያልዘራነው አበባ

የክረምቱ ደመና ተገፍፎ መስከረም ሲጠባ፥ በደጋው አገራችን በየቤቱ ጓሮ ዐደይ አበባ ይፈነዳል። ጽጌረዳውን ተክለንና ኰትኵተን አሳደግነው፤ ዐደዩን ግን ማንም አልዘራውም፤ አምና ያበበው ያረገፈው ዘር በዝናም ኃይል የበቀለ ነው። እንግዲህ የእኛ የምንለው የትኛውን ነው? ጽጌረዳው የድካማችን ዋጋ ነው ብንል፥ ዝናሙንና ፀሐዩን ማን ሰጠን?

ሁሉን በድካሜ አገኘሁ የሚል ሰው፥ ከደጁ የቆመውን ድኻ «ሠርተህ ብላ» ብሎ ለመመለስ አይቸገርም። ያልዘራውን አበባ የሚያስተውል ግን ተቀባይ መሆኑን ያውቃልና እጁን ለመስጠት ይዘረጋል።

ስለዚህ ማኅሌተ ጽጌ በሚቆምበት፥ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ባለው በዘመነ ጽጌ፥ አበባውን አይተን ሰጪውን እናመስግን፤ ከማዕዳችንም ለተራበው እንቍረስለት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።