ብላቴናዪቱን ማን ጠየቃት?

በኦሪት ዘፍጥረት በ24ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፥ የአብርሃም ሎሌ ለጌታው ልጅ ለይስሐቅ ሚስት ይፈልግ ዘንድ ዐሥር ግመሎች ይዞ ወደ ሩቅ አገር ሄደ። የይፋት ቆላ ሰው ግመልን ያውቃል፤ ረጅም መንገድ ተጕዘው የደረሱትን ዐሥር ግመሎች ውኃ እየቀዱ ማርካት ለአንዲት ልጃገረድ ምን ያህል ድካም እንደ ሆነ ማንም ሊነግረው አያሻም። ርብቃ ግን ማንም ሳያዝዛት ይህን አደረገች። ሎሌውም ወርቅ ሰጣት፥ ወደ ቤተ ሰቦችዋም ገብቶ የመጣበትን ነገር ገለጠ፤ እነርሱም እሺ አሉት። በማግሥቱ ሎሌው ቶሎ ልሂድ ሲል፥ ወንድምዋና እናትዋ ደግሞ ጥቂት ቀን ትቈይ ሲሉ፥ ነገሩ በሁለት ወገን ቆመ። በዚህን ጊዜ ቤተ ሰቡ መልካም ነገር ዐሰቡ። ብላቴናዪቱን ጠርተው ትሄድ እንደ ሆነ ከራስዋ አፍ ጠየቁ። እርስዋም እንደምትሄድ ተናገረች፤ ክርክሩም በዚያው አለቀ።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ ይህን አሮጌ ታሪክ ያስታወሰን በዘመናችን ወጣቶች መካከል የተነሣ አንድ ክርክር ነው።

እስቴፈኒ ሜየር የተባለች አሜሪካዊት ደራሲ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2005 እስከ 2008 ዓ.ም. ድረስ በአራት መጻሕፍት የተከፈለ አንድ ልብ ወለድ አሳተመች። የፊተኛው መጽሐፍ ስም «ትዋይላይት» ነው፤ ድንግዝግዝታ ማለት ነው። ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስም ታሪኩ በአምስት ፊልሞች ተሠርቶ በዓለም ሁሉ ታየ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በሸዋ ሮቢት የሚኖር ተማሪም፥ የቀኑ ሙቀት ሲበርድ በደጅ ተቀምጦ በስልኩ ሊያየው ይችላል።

ታሪኩም እንዲህ ነው። ቤላ የምትባል የ17 ዓመት ተማሪ፥ አባትዋ የፖሊስ አዛዥ ወደ ሆነባት ፎርክስ ወደምትባል ዝናባም ከተማ ትመጣለች። በዚያም ሁለት ወጣቶች ይወዱአታል። አንደኛው ኤድዋርድ ነው። እርሱ ፈረንጆች ቫምፓየር ከሚሉአቸው፥ ደም እየመጠጡ ይኖራሉ ከሚባሉት ፍጥረቶች ወገን ነው። እንደ ልብ ወለዱ አነጋገር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1918 ዓ.ም. በዓለም ላይ በወረደው በሽታ፥ እኛ «የኅዳር በሽታ» ብለን በምናስታውሰው፥ ሊሞት ሲል እንዲህ ያለ ፍጥረት ሆነ፤ ከዚያም ወዲህ ዕድሜው ከ17 ዓመት አልፎ አያውቅም። ሁለተኛው ጄኮብ ነው። እርሱም ኪሊዩት ከሚባለው ነገድ የተወለደ፥ ተኵላ መሆን የሚችል ልጅ ነው።

አንባቢዎቹና ተመልካቾቹም በሁለት ተከፈሉ። እኵሌቶቹ የኤድዋርድ ቡድን ነን፥ እኵሌቶቹም የጄኮብ ቡድን ነን አሉ፤ የቡድናቸው ስም የተጻፈበት ካናቴራም ለብሰው ታዩ። የኤድዋርድ ወገኖች፦ ደምዋን እየተጠማ ራሱን የገዛ፥ ከሰው ደም ታቅቦ በአራዊት ደም የሚኖር፥ አንዲቱን ብቻ የወደደ እርሱ ነው ይላሉ። የጄኮብ ወገኖች ደግሞ፦ ኤድዋርድ ትቶአት በሄደ ጊዜ ከኀዘንዋ ያነሣት ማን ነው? ሙቀት ያለው፥ የሚስቅ፥ እንደ ሰው የሚያረጅ ባልስ አይሻላትምን? ብለው ይመልሳሉ።

በእንዲህ ያለ ነገር መከራከር ብቻውን ኀጢአት ነው አንልም። ወጣት ስለ ትዳር ሊያስብ ይገባዋል፤ በተረት ሰውም አስመስሎ ቢያስብ ማንንም አይጐዳም። ነገር ግን ክርክሩ ወዳጅን ከወዳጅ እስከ መለየት፥ እስከ መሰዳደብም ሲደርስ፥ ሐዋርያው ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች የገሠጸበትን ነገር ማስታወስ ይገባል። እነዚያም እኔ የእገሌ ነኝ፥ እኔ የእገሌ ነኝ እያሉ ተለያይተው ነበርና። ወገን መያዝ ዐይንን ያሳውራል፤ የያዝነው ወገን ያጠፋውን ጥፋት በጎ ሥራ አስመስሎ ያሳየናል።

በዚህም ልብ ወለድ የታየው ይህ ነው። እስቲ ሁለቱን ወጣቶች እንመርምራቸው።

ኤድዋርድ በፊተኛው መጽሐፍ ቤላ ሳታውቅ ሌሊት ወደ መኝታ ቤትዋ እየገባ ስትተኛ ይመለከታት ነበር። በሁለተኛው መጽሐፍ ለእርስዋ የሚበጀው ይህ ነው ብሎ ፈቃድዋን ሳይጠይቅ ትቶአት ሄደ። በሦስተኛው መጽሐፍም ወደ ጄኮብ እንዳትሄድ ከመኪናዋ ሞተር ዕቃ አውጥቶ አስቀረባት። ጄኮብ ደግሞ በዚሁ በሦስተኛው መጽሐፍ እንቢ እያለች በግድ ሳማት። እርስዋም በቡጢ መታችው፥ እጅዋም ተጐዳ። ከዚህ የሚብሰው ግን፥ አባትዋ ይህን በሰማ ጊዜ ልጁን ማመስገኑ ነው። ሕግ ያስከብር ዘንድ የተሾመ የፖሊስ አዛዥ መሆኑን አትርሱ።

በአራተኛውም መጽሐፍ ቤላ ኤድዋርድን ካገባች በኋላ፥ ጄኮብ ከእርስዋ ከተወለደችው ሕፃን ጋር በማይፈታ ማሰሪያ ይተሳሰራል። ደራሲዋ ልጅቱ እስክታድግ ድረስ እንደ ወንድም ይጠብቃታል ትላለች። ሆኖም ልጅቱ አፍ ሳትፈታ ነገርዋ ተቈርጦላታል።

እንግዲህ ሁለቱ ቡድኖች ለዓመታት የተከራከሩት ከሁለቱ ማን ይበልጣል በሚለው ነው። ሁለቱም በአንድ ስፍራ እንደ ወደቁ ግን ብዙዎች አላስተዋሉም። አንዱ በመጠበቅ ስም፥ ሁለተኛውም በናፍቆት ስም ብላቴናዪቱን ሳይጠይቁ ስለ እርስዋ ቈረጡ። ስለ ደራሲዋም እውነቱን መናገር ይገባናል፤ በመጨረሻ ቤላ ማንን እንደምትወድ በራስዋ አፍ ተናግራ መርጣለች። ነገር ግን አንባቢው እዚያ እስኪደርስ ድረስ ሰርቆ መግባትን ናፍቆት፥ ማገድን ጥበቃ፥ ማስገደድንም ፍቅር ብሎ መጥራትን ሊለምድ ይችላል። ክፉ ነገር መልካም ስም ሲለብስ ወደ ቤታችን ለመግባት በር አያንኳኳም።

ምናልባት፦ ይህ ሁሉ ተረት ነው፥ እኛን ምን ያገባናል? የሚል ይኖራል። እንዲህ ላለው በምሳሌ እንመልስለት።

ከይፋት ገጠር ወደ ከተማ ወርዳ፥ ከጓደኞችዋ ጋር ጠባብ ቤት ተከራይታ፥ ስንቅዋ ከቤትዋ እየመጣላት የምትማር አንዲት ልጅ አለች እንበል። ሁለት ሰዎች ሽማግሌ ላኩባት። አንደኛው ሽንኵርትና ማሾ የሚያበቅል የመስኖ መሬት አለው፤ ሁለተኛው ከዐረብ አገር ገንዘብ ይዞ ተመልሶአል። ዘመድም በሁለት ይከፈላል። አጎትዋ መሬት ይሻላል ይላሉ፤ አክስትዋ ገንዘብ ይሻላል ይላሉ። በቡናው ላይ፥ በገበያው፥ በለቅሶው ቤት ሳይቀር ክርክሩ ይሞቃል። ልጅቱ ግን ቡና ታቀርባለች እንጂ ከመካከላቸው አንድ ሰው እንኳ፦ አንቺስ ምን ትያለሽ? ትምህርትሽንስ ልትጨርሺ ትወጃለሽን? አይላትም። ይህስ የኤድዋርድና የጄኮብ ቡድን አይደለምን? የሚለየው፥ ያኛው መጽሐፉ ሲዘጋ ማለቁ፥ ይህኛው ግን የሰው ዕድሜ መሆኑ ነው።

ከሁለቱ አንዱ ከሽማግሌ ይልቅ ጕልበትን የመረጠ እንደ ሆነም፥ ወደ ጠለፋ ይደርሳል። አገራችን ይህን ነገር ለረጅም ዘመን በለሆሳስ አልፋዋለች። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ እንኳ፥ ጠላፊው የጠለፋትን በሕግ ካገባት ክሱ እንዲቀር ይፈቅድ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ግን በ34ኛው አንቀጽ ጋብቻ በሁለቱ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ብቻ እንዲሆን ደነገገ። በ1997 ዓ.ም. የጸናው የወንጀል ሕግም ሴትን አስገድዶ ለጋብቻ የጠለፈ ከ3 ዓመት እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ፥ በኋላ ማግባቱም ከቅጣት እንዳያድነው አዘዘ። ዕድሜዋ 18 ዓመት ያልሞላትንም ማግባት ሕግ ይከለክላል። ሕጉ ተለውጦአል፤ ልብ ግን በሕግ ብቻ አይለወጥም። ጠላፊውን «ወንድ ነው» እያለ የሚያመሰግን ጎረቤት እስካለ ድረስ፥ የቤላ አባት በመካከላችን አለ።

መጽሐፍ ቅዱስም ይህን አልሸሸገም። በ2ኛ ሳሙኤል በ13ኛው ምዕራፍ የንጉሥ ዳዊት ልጅ አምኖን ትዕማርን ወደድሁ ብሎ እስኪታመም ድረስ ከሳ። ኢዮናዳብ የሚባል ወዳጅ ነበረው፤ ይህም ወዳጅ ተንኰል መከረው። ትዕማር በጥበብ ቃል ለመነችው፥ እርሱ ግን አልሰማትም፤ ግፍ ሠራባት። ከዚያም ወዲያ ወደዳት ከተባለበት ፍቅር ይልቅ የጠላት ጥል በለጠ። ፍቅር መሆኑና አለመሆኑ በሕመሙ ብርታት አይታወቅም፤ እንቢታን ሰምቶ መታገሡ ይገልጠዋል እንጂ። እንዲሁም የአምኖንን ነገር ያከፋው ምኞቱ ብቻ አልነበረም፤ የወዳጁም ምክር ነበረ። ስለ ጓደኛችሁ ፍቅር በምትመክሩበት ጊዜ ኢዮናዳብን አስታውሱ።

ተኵላ ስለሚሆነው ስለ ጄኮብም አንድ ነገር እንጨምር። በዓለም ያሉ ልጃገረዶች አውሬ የሚሆን ሰው በልብ ወለድ ሲያዩ ወደዱት። በእኛ አገር ግን ሌሊት ጅብ ይሆናል የተባለ ጎረቤት ማን ወደደው? ከይፋት ቆላ በላይ ባለው በአንኮበር አካባቢ ብረት የሚቀጠቅጡ፥ ሸክላ የሚሠሩ፥ ሸማ የሚሸምኑ ሰዎች ኖረዋል። የምናርስበትን ማረሻና የምንጋግርበትን ምጣድ የሠሩልንን ሰዎች «ጠይብ፥ ቡዳ» እያልን ሰደብናቸው፥ ከጋብቻም ለየናቸው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከለከሉ፤ ስድቡ ግን ከዐዋጁ በኋላም ቈየ። ሁለት ልጆች ቢዋደዱና አንዱ የቀጥቃጭ ልጅ ነው ተብሎ ነገሩ ቢፈርስ፥ በዚያም ቤት የልጆቹን ፈቃድ የጠየቀ የለም። በተረት ያለውን ተኵላ እያደነቅን፥ በእግዚአብሔር አምሳል የተፈጠረውን ጎረቤት ጅብ ብንለው ፍርዱ በእኛ ላይ ነው።

ስለዚህ የምንመክረው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፥ ወጣቶች ሆይ፥ ታሪክ ስታነቡ ወይም ፊልም ስታዩ፥ ማን ያምራል ከማለታችሁ በፊት ማን ጠየቀ? በሉ። ይህ ጥያቄ ብዙ ልብ ወለድ ይመዝንላችኋል፤ ራሳችሁንም ያስመረምራችኋል። እኅቶች ሆይ፥ ሌት ተቀን የሚከታተላችሁን፥ ስልካችሁን የሚበረብረውን፥ ከወዳጅ የሚለያችሁን ሰው ስለ ወደደኝ ነው ብላችሁ አትታለሉ።

ሁለተኛ፥ ወንድሞች ሆይ፥ እንቢ ማለት እንቢ ነው፤ የእሺታ መጀመሪያ አይደለም። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በፊተኛው መልእክት በ13ኛው ምዕራፍ ፍቅር የራሱን ጥቅም እንደማይፈልግ አስተምሮአል። የራሱን የማይፈልግ ደግሞ የሌላውን ፈቃድ ሳይሰማ አይነሣም። ተጠይቃ እንቢ ያለችህን በሰላም ማለፍ ውርደት አይደለም፤ የኤድዋርድ ወገኖች የሚያደንቁት ራስን መግዛትም በእውነት የሚታየው በዚህ ነው።

ሦስተኛ፥ አባቶችና እናቶች ሆይ፥ ሽማግሌ በመጣ ጊዜ የርብቃን ቤተ ሰብ ምሰሉ። እነርሱ አስቀድመው ቃል ሰጥተው ሳለ እንኳ ልጃቸውን ጠርተው ለመጠየቅ አላፈሩም። ይህ ለክርስቲያን ብቻ የተነገረ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በይፋት አብረውን የሚኖሩ የሙስሊም ጎረቤቶቻችን መምህራንም ኒካሕ ሲታሰር የሙሽራዪቱ ፈቃድ እንዲጠየቅ ያስተምራሉ። ስትጠይቁም በሽማግሌዎች ፊት አቁማችሁ፥ ዐይንዋን መሬት አስተክላችሁ አትጠይቁ፤ እንዲህ ሲሆን ዝምታዋን እሺታ ማለት ይቀላልና። ለብቻዋ፥ በእርጋታ፥ እንቢ ብትል ቍጣ እንደማይጠብቃት አስታውቃችሁ ጠይቁአት። መልስዋንም ስሙ፤ ትምህርቴን ልጨርስ ካለችም ቃልዋ ይከበር።

የሁለቱ ቡድኖች ክርክር በፈረንጅ አገርም በርዶአል፤ ካናቴራውም አርጅቶአል። ከተረቱ ውጭ ያለችው ብላቴና ግን ዛሬም ቡናውን አቅርባ፥ የሚነገረውን እየሰማች በጓዳ ቆማለች። ጥሩአትና ጠይቁአት።

ልዑል እግዚአብሔር የሚሰማ ጆሮና የሚያስተውል ልብ ይስጠን። አሜን።