ሩቁን ማየት ቅርቡን መርሳት ነውን?

ሰው የጐረቤቱ ምድጃ እንደ ጠፋ እያወቀ ስለ ሰማይ ከዋክብት ቢመራመር፥ ምርምሩ ጥበብ ይባላልን ወይስ ቸልተኝነት? ይህ ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ በብዙ አገር የተጠየቀ ነው፤ በእኛም ዘመን ልጁን ለማስተማር ጥሪቱን የሚያወጣ አባት ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ ነው።

በአርጆ ወይም በነቀምቴ አንድ አስተዋይ ሰው ተነሥቶ እንዲህ ቢል እንደ አላዋቂ ልንንቀው አይገባም። «ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በወለጋ ብዙ ሰው በግጭት ምክንያት ከቤቱ ተፈናቅሏል፤ ልጆች ከትምህርት ተለይተዋል፤ ቡናውን ለገበያ ማውጣት የቸገረው ገበሬ አለ። እንዲህ ባለ ጊዜ ብርሃኑ ወደ እኛ ለመድረስ ብዙ ሺህ ዓመት የሚፈጅበትን ኮከብ መመርመር ለማን ይጠቅማል? የተራበ ሰው ኮከብ አይበላም።» ይህ ቃል የርኅራኄ ቃል ነው፤ መልስ የሚሰጠውም ርኅራኄውን ሳይነካ መመለስ አለበት።

ነገር ግን ከመፍረዳችን አስቀድሞ የምንፈርድበትን ነገር እንወቅ።

በ1959 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ አጠገብ ጆስሊን ቤል የምትባል ከሰሜን አየርላንድ የመጣች ተማሪ ነበረች። ከባልንጀሮቿ ጋር በሜዳ ላይ በመዶሻ እንጨት እየተከለች፥ ሽቦ እየዘረጋች፥ ከሰማይ የሚመጣውን የራዲዮ ሞገድ የሚቀበል መሣሪያ ሠራች። መሣሪያው በየቀኑ ሠላሳ ሜትር ያህል ወረቀት ላይ መስመር ይጽፍ ነበር፤ ያንንም ሁሉ በዐይኗ ትመረምረው ነበር። ከዚያ ሁሉ ወረቀት መካከል ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ የሆነች ልዩ ጭረት አየች። ሌላ ሰው «የመኪና ጩኸት ይሆናል» ብሎ ሊያልፋት ይችል ነበር። እርስዋ ግን አላለፈችም፤ በኅዳር 18 ቀን 1960 ዓ.ም. ወረቀቱን በፍጥነት እንዲሄድ አድርጋ ብትመለከት፥ ጭረቲቱ በአንድ ሴኮንድና በሢሶ እየተደጋገመች እንደ ልብ ትርታ የምትመታ ሆና ተገኘች። መምህሯ አንቶኒ ሂዊሽና ባልደረቦቹ የሩቅ ፍጡራን መልእክት ይሆንን እያሉ በቀልድ ስም አውጥተውላት ነበር፤ እርስዋ ግን ከሌላ የሰማይ ማዕዘን ሁለተኛ ትርታ ስታገኝ ነገሩ የተፈጥሮ ሥራ እንደ ሆነ ታወቀ።

ፐልሳር የተባለው ይህ ነው። ታላቅ ኮከብ ዕድሜውን ጨርሶ ሲፈነዳ፥ መካከለኛው ክፍሉ ወደ ውስጥ ወድቆ ይጠብቃል፤ ክብደቱ ከፀሐይ የሚበልጥ፥ ስፋቱ ግን ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ፥ ከአርጆ ነቀምቴ የሚያደርሰውን መንገድ እንኳ የማያህል ኳስ ይሆናል። ይህ ኳስ በፍጥነት ይሽከረከራል፤ ከመግነጢሱ ዋልታዎች የሚወጣውም ጨረር በጨለማ ውስጥ ፋኖስ ይዞ በቦታው እንደሚዞር ሰው ብርሃን፥ ወደ እኛ በዞረ ጊዜ ይታያል፥ ባለፈም ጊዜ ይሰወራል።

የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ይህን ሲሰሙ እንግዳ ነገር አይሆንባቸውም። እነርሱ ዕለቱን በ60 ኬክሮስ፥ ኬክሮሱን በ60 ካልዒት፥ ካልዒቱን በ60 ሣልሲት፥ ሣልሲቱን በ60 ራብዒት ይከፍላሉ። በዚህ ስፍር ሣልሲት ከሴኮንድ ግማሽ ታንሳለች፤ ቤል ያገኘችውም ኮከብ በየሦስት ሣልሲት ከሢሶ አንድ ጊዜ ይመታል። በ1046 ዓ.ም. ቻይናውያን በቀን እንኳ ሲያበራ አይተው ከመዘገቡት ፍንዳታ የቀረው ኮከብ ደግሞ በአንድ ሴኮንድ ሠላሳ ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ይህም በየአምስት ራብዒት አንድ ጊዜ ማለት ነው። ዐይን የማይከተለውን ጊዜ አባቶች በአሳብ ከፍለው ስም ሰጥተውት ነበር፤ የሚሰፈርበት ነገር ግን ኋላ በሰማይ ተገኘ።

ከዋክብትን መቍጠርም የባዕድ ሥራ ነው የሚል ቢኖር፥ የቦረናን አያንቱዎች ያስብ። እነዚህ ሽማግሌዎች በጨረቃና በጥቂት ከዋክብት መገናኘት ወሮቻቸውን እንደሚቈጥሩ ፕሮፌሰር አስመሮም ለገሠ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1973 ባሳተሙት የገዳ መጽሐፍ ገልጸዋል። ከብት የሚጠብቅ ሕዝብ ሰማዩን ስለ ተመለከተ ከብቱን አልረሳም።

አሁን ወደ ሌላው ምሳሌ እንለፍ። ሐኪም አጥንት የሚያይበት የራጅ ጨረር ከሰማይም ይመጣል፤ ነገር ግን አየሩ እንደ ጣራ ሆኖ ስለሚከለክለው የአርጆ ደጋም ሆነ የእንጦጦ ራስ አይደርስበትም፤ ከአየሩ በላይ መውጣት ያስፈልጋል። ስለዚህ በታኅሣሥ 3 ቀን 1963 ዓ.ም. በጐረቤታችን በኬንያ፥ በማሊንዲ አጠገብ በባሕር ላይ ከቆመው የኢጣልያኖች መድረክ፥ የአሜሪካ ሳተላይት ተተኰሰች። ቀኑ ኬንያ ነፃ የወጣችበት ሰባተኛ ዓመት በዓል ስለ ነበረ «ኡሁሩ» ተባለች፤ ይህም በስዋሂሊ ነፃነት ማለት ነው። ሥራውን የመራው ሪካርዶ ጃኮኒ ነበር። ኡሁሩ 339 የራጅ ምንጮችን አስመዘገበች። ከእነርሱም አንዱ በየ4.8 ሴኮንድ ይደምቃል ይደክማል፤ በሁለት ቀን ከጥቂት ሰዓት አንድ ጊዜም ጓደኛው ኮከብ ይጋርደዋል። ከዚህ የተነሣ ነገሩ ተገለጠ፦ ጠባቡ ኮከብ ከጓደኛው ጋዝ ይስባል፤ ጋዙ በመግነጢሱ እየተመራ ወደ ዋልታው ሲወድቅ እጅግ ይሞቃል፤ ያም ግለት ራጅ ይሆናል። ሌላው ምንጭ ደግሞ ትርታ ሳይኖረው ይብለጨለጫል፤ እርሱም ብርሃን የማያመልጥበት ጥቍር ጕድጓድ ያለበት እንደ ሆነ ሊቃውንት ተስማሙበት። ጃኮኒ በ1995 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

እንግዲህ ለጠያቂው ምን እንመልሳለን?

ብዙ ሰዎች «ሳይንስ ኋላ ይጠቅማል» ብለው ይመልሳሉ። ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን ደካማ መልስ ነው። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር ያስወነጨፈቻት ሳተላይት ወደ ምድር የምትመለከት፥ ለእርሻ፥ ለደንና ለውኃ ጥናት የተሠራች ስለ ነበረች ጥቅሟን ማስረዳት ቀላል ነው። የሩቁ ኮከብ ትርታ ግን እንደዚያ አይደለም። ጥቅሙን ብቻ ይዘን ብንከራከር፥ ጥቅም ባልተገኘ ቀን ክርክራችን ይወድቃል።

«ገንዘብ ይፈጃል» ለሚለውም ክርክር መለየት ያስፈልጋል። ዶክተር ሰሎሞን በላይ፥ ኋላ የኢትዮጵያን የስፔስ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የመሩት፥ ከኡልፍ ቶርኬልሶን ጋር ሆነው በ2002 ዓ.ም. መግነጢስ ባለው ኮከብ ዙሪያ ስለሚሽከረከረው ስስ የጋዝ ምጣድ ጽሑፍ አውጥተዋል፤ ጋዙ የኮከቡን ዙረት እንዴት እንደሚያፋጥን ወይም እንደሚያዘገይ የሚመረምር ሥራ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ በአብዛኛው የሚፈልገው ስሌትና ትዕግሥት ነው፤ ከማንም አፍ እንጀራ አይነጥቅም። መሣሪያ ሲገዛ ግን ሥርዓት ይኑር፤ የመምህርን ደመወዝና የታመመን መድኀኒት ወስዶ መነጽር መግዛት ጥበብ ሳይሆን ዝርፊያ ነው። በዚህ ነገር ጠያቂው ትክክል ነው።

ዋናው መልስ ግን ይህ ነው። ጆስሊን ቤልን ከሌላው የለየቻት የተማረችው ቀመር ብቻ አይደለችም፤ ትንሹን ምልክት «ምንም አይደለም» ብላ አለመጣልዋ ነው። ይህ የዐይን ሥራ ብቻ ሳይሆን የኅሊናም ሥራ ነው። የማይመቸውን ምልክት ከወረቀቱ የሚፍቅ ሰው፥ የማይመቸውን ስም ከተፈናቃዮች መዝገብ ለመፋቅ አይቸገርም፤ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ጭረት ያልናቀ ሰው ግን፥ በእህል አስፋሪ ፊት ተራ ያጣችውን አንዲት ባልቴት ለማየት እጁ ተፈትቷል። እውነትን ከሩቅ መመርመር እውነትን ከቅርብ ለመናገር ልምምድ ነው።

ልምምድ አልን እንጂ ዋስትና አላልንም። በ1967 ዓ.ም. ስለ ፐልሳር መገኘት የኖቤል ሽልማት ሲሰጥ መምህሯ ሂዊሽ ከማርቲን ራይል ጋር ተሸለመ፤ ጭረቲቱን አስቀድማ ያየችው ተማሪ ግን አልተካተተችም። እነሆ፥ በሰማይ ዳርቻ ያለውን ትርታ ያከበሩ ሰዎች በአጠገቡ የቆመችውን አላዩም። የኡሁሩም ነገር እንዲሁ ነው፤ ስሟና ባሕሩ ከአፍሪካ ነበሩ፥ ምልክቱን ያነበቡትና መዝገቡን የጻፉት ግን በአሜሪካ የነበሩ ሊቃውንት ናቸው። ጠያቂያችን ከዚህ የበለጠ ምስክር አያገኝም፤ ሩቁን ማየት ብቻውን ሰውን ደግ አያደርግም።

ቤል ግን በዚያ አልተመረረችም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2018 ሦስት ሚሊዮን ዶላር ሽልማት በተሰጣት ጊዜ፥ ገንዘቡን በፊዚክስ ትምህርት ዕድል ለተነፈጋቸው ተማሪዎች መማሪያ እንዲሆን ሰጠችው። እርስዋን ሳያዩ ላለፉ ሰዎች የሰጠችው መልስ ሌሎችን ማየት ሆነ። እንግዲህ ሩቁና ቅርቡ የሚጣሉት በሰማይና በምድር ሳይሆን በተመልካቹ ልብ ነው፤ አንዱ ትጋት ወደ ሁለቱም ሊዞር ይችላል፥ ከሁለቱም ሊጠፋ ይችላል።

ስለዚህ የአርጆና የነቀምቴ አባቶች ሆይ፥ በጥቅምት ሰማዩ ሲጠራ ልጃችሁ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቃችሁ፥ የተራበ ሰው አለና ዝም በል አትበሉት። ጥያቄው ከተራበው የተወሰደ አይደለም፤ ዝም ማሰኘታችሁም ለተራበው አይደርሰውም። ይልቁንስ የሚያየውን በትክክል እንዲቈጥር፥ የቈጠረውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ እንዲናገር አስተምሩት፤ ከዚያም በኋላ በዚያው ዐይን ወደ ጐረቤቱ ምድጃ እንዲመለከት እዘዙት። በእንጦጦ የቆሙት ሁለቱ መነጽሮችም፥ በነቀምቴ ያለው ዩኒቨርሲቲም፥ ይህን ዐይነት ልጅ ካላገኙ ባዶ ቤት ናቸው።