ጓዳ የሌለው ቤት

ጠቡ የተጀመረው በምስማር ነው። ሁላችንም እታለም የምንላት አክስቴ የዓይኗን ሞራ አስገፍፋ ልጇ ቤት፣ ለቡ መብራት ኃይል፣ ስታገግም ነበር። አንድ ማክሰኞ ልጇ ከሥራ ስትመለስ ሁለት ምስማር ግድግዳ ላይ ተመትቶ፣ በመካከላቸው ሲባጎ ተወጥሮ፣ ሲባጎው ላይ አበባ ያለበት አንሶላ ተሰቅሎ ጠበቃት። በቤቱ መዶሻ ስለሌለ ሥራው የተሠራው በዘነዘና ነው። አንዱ ምስማር ስቶ የጂፕሰሙን ጠርዝ ሸርፎታል። የአክስቴ ልጅ ደውላ፣ ትሳቅ ታልቅስ በማይለይ ድምፅ፣ «እማዬ ቤቴን ቀበሌ ቤት አደረገችው!» አለችኝ።

አንሶላው የከለለው ኩሽናውን ነው። ቤቱን ሲረከቡት ኩሽናው በብሎኬት ተከልሎ የራሱ በር ነበረው። እሷና ባሏ ግድግዳውን አፈረሱት፤ በቦታው ላዩ ነጭ ድንጋይ የለበሰ፣ ባለሙያዎቹ አይላንድ የሚሉት ረጅም ጠረጴዛ ቆመ። የቀረው እንዲህ ነው፦ ግራጫ ሶፋ፣ ከኮርኒሱ ጠርዝ ሥር የሚፈስ ለስላሳ መብራት፣ ከግድግዳው ግማሽ የሚያህል ቴሌቪዥን። ብፌ የለም። ዳንቴል የለም። እታለም ለቤት ምርቃቱ ስትመጣ ሁለት ክረምት የፈጀባትን ዳንቴል በፌስታል ይዛ ነበር፤ የምታለብሰው ዕቃ ስታጣ መልሳ ፌስታሉ ውስጥ ከተተችው። አይቻታለሁ፤ ያላየሁ መሰልኩ።

የዚያን ቀን «ቤት ለእንቦሳ» ብለን ገባን፣ «እንቦሳ እሰሩ» ተባልን። (አራተኛ ፎቅ ላይ እንቦሳ የት እንደሚታሰር የጠየቀ የለም።) አንድ አዛውንት ዘመዳችን ጎፋ መብራት ኃይል ወርደው ሲንከራተቱ ቆይተው ዘግይተው ደረሱ፤ በሁለቱ መብራት ኃይሎች መካከል ያልጠፋ እንግዳ የለንም። ጋቢያቸውን አስተካክለው ዙሪያውን ቃኙና «ቤቴ ቤቴ፣ የገመና ከታቼ ማለት ይሄ ነው!» ብለው መረቁ። አሜን አልን። እኔ ግን ከተቀመጥኩበት ሶፋ ላይ ሆኜ ያልታጠበውን ድስት፣ የተገለጠውን ሌማት፣ ሽንኩርት ስትከትፍ የዋለችውን የአክስቴን ልጅ የቀላ ዓይን በአንድ ጊዜ አያለሁ። ገመናው የቱ ጋ እንደሚከተት ግራ ገባኝ።

ተረቱን ለማንም መተርጎም አያስፈልግም። ቢጎድልም ቢሞላም፣ ብጣላም ብታረቅም በሬን ዘግቼ ነው፤ ቤቴ ይይዝልኛል ነው ነገሩ። አልፎ ተርፎ ፍቅርም አለበት፤ «ቤቴ ቤቴ» ተብሎ ሁለቴ የሚጠራው እንደ ሰው ነው። ለዚህ ነው እስከዚያ ማክሰኞ ድረስ ከዚህ ተረት ጋር ጠብ ያልነበረኝ።

ላስታርቅ ሄድኩ። እታለም አንድ ዓይኗን በፋሻ እንደሸፈነች ሶፋው ላይ ተቀምጣለች፤ አንሶላው አልወረደም። ሰው እንዳያያት አፍራ መስሎኝ በዚያ በኩል ላባብላት ስጀምር አቋረጠችኝ።

«እኔ ሽንኩርት ስልጥ ማን አየኝ ብዬ ነው እንዴ? ለእንግዳው ብዬ ነው እንጂ! ሌማቱ ውስጥ ስንት እንጀራ እንደቀረ እያየ ምኑን ይበላዋል? ‹በልቼ ነው የመጣሁት› ብሎ ጦሙን ይሄዳል።»

ይህን አስቤው አላውቅም። ተረቱ «ከታቼ» ስለሚል የሚሸፈነው የባለቤቱ ጉድ፣ የሚጠቀመውም ባለቤቱ ይመስለኝ ነበር። እታለም ገለበጠችው፤ ጓዳ የተሠራው እንግዳው ሳይሳቀቅ እንዲበላ ነው። ለእንግዳ «ቤት ያፈራውን» እንላለን፤ ምን ያህል እንዳፈራ ግን አንነግረውም። የገጠሩን ጎጆ ያየ ያውቀዋል። ጋኑና ጎታው ከመግቢያው ርቀው ከግርዶሽ ኋላ ነው የሚቀመጡት። ጎታው ሙሉ ይሁን ግማሽ የሚያውቁት እናትየዋና አይጧ ብቻ ናቸው። እንግዳው እልፍኝ ተቀምጦ፣ እየተጎተጎተ፣ «ኧረ ጠግቤያለሁ» እያለ ይጎርሳል።

እኔ ያደግኩት እታለም ጋ ነው፤ አፍንጮ በር፣ ቀበሌ ቤት። አዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ለቀበሌ ሆኑ፤ የእኛም አንዱ ነበር። ግድግዳው ጭቃ፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ፣ ክፍሉ አንድ። አንዱን ክፍል ሁለት የሚያደርገው መጋረጃ ነው፤ ከመጋረጃው ወዲህ ሳሎን፣ ወዲያ አልጋና ጓዳ። መጋረጃውም እንደ ኮርኒሱ አቡጀዲ ነው፤ ዓይን ይከለክላል እንጂ ጆሮ አይከለክልም።

ድንገተኛ እንግዳ መጣ እንበል። እታለም ከመጋረጃው ኋላ ትጠራኛለች። በሹክሹክታ «ስኳር» ትለኛለች፤ ባዶ ብርጭቆ ሹራቤ ሥር ትሸጉጥልኛለች። የኋላ በር የለንም፤ የማልፈው በእንግዳው ፊት ነው። እንግዳው ሹክሹክታውን ሰምቷል፤ ሆዴ ላይ ያበጠውንም ብርጭቆ አይቷል። በዚያች ቅጽበት ሁልጊዜ አንድ ነገር ያደርጋል፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል ዛሬ ገና እንዳየው ሰው ትኩር ብሎ ያያል። ግቢያችን ውስጥ ያሉት ጎረቤታችን ደግሞ ብርጭቆውን ሲቀበሉኝ ምንም አይጠይቁኝም። ሞልተው ሲሰጡኝ፣ ቧንቧው ጋ የቆሙት ሴቶች ሁሉ እንዲሰሙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «የተበደርኩትን መልሼልሻለሁ በያት!» ይላሉ። ምንም አልተበደሩም።

እንግዲህ ገመናችንን የከተተው ማን ነው? ቤቱ ያዋጣው አንድ ጨርቅ ነው። የቀረው የጎረቤታችን ውሸትና የእንግዳው ዓይን ነው። ተረቱ ለሁለት ሰው ሥራ ምስጋናውን ለጭቃ ግድግዳ ሰጥቶት አረፈው። ምርቃቱ ላይ አዛውንቱ ዘመዳችን ያንን ሳሎን እያዩ ሲጠቅሱት የቆረቆረኝ ይህ ይመስለኛል፤ ያኔ ግን ስም አላገኘሁለትም።

እዚህ ላይ ለእታለም ልፈርድ ስል ልጇ ተነሣች። እስካሁን ዝም ብላ ሰምታን ነበር።

«እናቴ ዕድሜዋን የጨረሰችው መጋረጃ ኋላ ነው። እንግዳ ሲስቅ የምትሰማው ከዚያ ሆና ነው፤ ለምን እንደሳቁ እንኳን ሳይነገራት። ወጥታ የምትቀመጠው ሁሉም በልተው ሲጨርሱ ነው። ግድግዳውን ያፈረስኩት ለፎቶ መስሏችኋል? እሷ ስትመጣ ከሰው ጋር እየተጫወተች እንድታበስል ነው።»

የምመልሰው አጣሁ። ይህ ክርክር እኛ ቤት የተጀመረ አይደለም። በ1926፣ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ማርጋሬቴ ሹተ ሊሆትስኪ የተባለች ኦስትሪያዊት አርክቴክት ለፍራንክፈርት ከተማ የሕዝብ መኖሪያዎች ስፋቷ 1.9 በ3.4 ሜትር የሆነች፣ እያንዳንዱ እርምጃ የተለካባት ኩሽና ነደፈች። ቅልጥፍናዋ ዝናን አተረፈላት፤ በኋላ ግን የምታበስለዋን ሴት ብቻዋን ቆለፈችባት ተብላ ተወቀሰች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አሜሪካዊው ፍራንክ ሎይድ ራይት ሠራተኛ ለማይቀጥሩ ቤተሰቦች በነደፋቸው ቤቶች ኩሽናውን ወደ ሳሎኑ ከፈተው፤ የምታበስለዋ ከቤተሰቧ እንዳትነጠል። የአክስቴ ልጅ የአንዱንም ስም ሰምታ አታውቅም። ራሷ ደርሳበታለች።

ልዩነቱ እነዚያ ቤቶች ውስጥ ቁሌት አለመኖሩ ነው። ሽንኩርቱ እስኪከስል፣ በርበሬው እስኪበስል አንድ ሰዓት የሚንተከተክ ድስት ግራጫ ሶፋ አጠገብ ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን ማንም ራይትን አልጠየቀውም። የእኛ ሰው ማድ ቤትን ከዋናው ቤት ነጥሎ ጓሮ የሠራው በክፋት ብቻ አይደለም፤ ጭሱ ነው። በ1990ዎቹ በተጀመረው የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም እንኳን ንድፍ አውጪዎቹ ይህን ስላወቁ ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለእርድና ለልብስ ማጠቢያ የሚሆን፣ ሕዝቡ ኮሚናል የሚለውን የጋራ ቤት ከብሎኮቹ ጎን አቁመዋል። የከተማዋ ሁሉ ጓዳ መሆኑ ነው። ብዙ ሳይት ላይ ዛሬ ተከራይቶ ሱቅ ሆኗል፤ ጭሱም ወደ ፎቅ ወጥቷል።

ደግሞም ግድግዳው ፈረሰ እንጂ ጓዳ መቼ ጠፋ። የአክስቴ ልጅ ቤቷን ለቲክቶክ ስትቀርጽ አንድ ቀን አጠገቧ ነበርኩ። መጀመሪያ የቆሸሸውን ልብስ ከነቅርጫቱ መኝታ ቤት ከተተችና ሳሎኑን ቀረጸች። ቀጥላ ቅርጫቱን ወደ ሳሎን አምጥታ መኝታ ቤቱን ቀረጸች። ሳቅኩባት፤ እሷም ሳቀች። ጓዳዋ ካሜራው በዞረ ቁጥር የሚዞር ቅርጫት ነው። እታለም ይህን ብታይ ከአንሶላው ይልቅ የሚያደክመው ይህ ነው ትል ነበር፤ አንሶላው ቢያንስ አንድ ቦታ ይቆማል።

አንድ ነገር ደግሞ ከእታለምም ከልጇም ጋር አያስማማኝም። አፍንጮ በር ግቢያችን ውስጥ ሌሊት ሌሊት የምታለቅስ ሴት ነበረች። ሁላችንም እንሰማለን። ጠዋት ቧንቧው ጋ ስትመጣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ሸፍና ነው፤ ማንም ቀና ብሎ አያያትም። ያው ስኳሩን ሞልተው የሚሰጡን እጆች፣ ያው ሥዕል የሚያዩ ዓይኖች። ልጅ ስለነበርኩ ጨዋነት መስሎኝ ነበር። ከዓመታት በኋላ «ገመና» የተባለው የቴሌቪዥን ድራማ በኢቲቪ ሲታይ ሰፈሩ ሁሉ የሌላ ሰው ቤት ጉድ ለማየት ይሰበሰባል፤ የዚያችን ሴት ስም ግን ያነሳ አልነበረም። ተረቱ ከመሸፈኑ በፊት አይጠይቅም፤ ባዶ ሌማትና የተመታ ፊት ለእሱ አንድ ናቸው። ስለዚህ ምርቃት ላይ አሜን ስል ከእንግዲህ ግማሹን ነው። ለሌማቱ አሜን፤ ለፊቱ አይደለም።

እርቁ በመጨረሻ የወረደው በብረት ዘንግ ነው። አንሶላው ወረደ፤ ሲፈልጉ የሚሳብ፣ ሲፈልጉ የሚሰበሰብ መጋረጃ ተሰቀለ። ቀለሙን ልጅየዋ መረጠች፤ ግራጫ። እታለም «ለቅሶ ቤት መሰለ» ብላ ተቀበለችው። የተሸረፈው ጂፕሰም አልተጠገነም። ዳንቴሉ አሁንም ፌስታሉ ውስጥ ነው።

ባለፈው እሑድ ቡና ጠሩኝ። እኚያው አዛውንት ዘመዳችንም መጥተዋል፤ ዘንድሮ መብራት ኃይላቸውን አልሳቱም። መጋረጃው ግማሹ ተስቧል። እታለም ረከቦቱ ጋ ተቀምጣ እየተጫወተች ታፈላለች፤ እናትም ልጅም ያሰቡት የተሳካላቸው መሰለኝ። አቦሉ ሊቀዳ ሲል እታለም ተነሥታ ከመጋረጃው ኋላ ገባች፤ ጠራችኝ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ ያው ሹክሹክታ፦ «ስኳር።»

ሱቅ ልወርድ ነበር፤ አራት ፎቅ ነው፤ ቡናው ይቀዘቅዛል። ብርጭቆውን ነጠላዬ ሥር ይዤ በእንግዳው ፊት አለፍኩና ፊት ለፊት ያለውን በር አንኳኳሁ። የአክስቴ ልጅ እዚህ ከገባች ስምንት ወር ሆኗታል፤ የጎረቤቷን ስም አታውቅም። በሩ ላይ ትንሽ ካሜራ አለ፤ ቀይ መብራቷ በራች። አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ልጅ ከፈተችልኝ። የምፈልገውን ዝቅ ባለ ድምፅ ነገርኳት። ብርጭቆውን ተቀበለችኝ፣ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ወደ ውስጥ ጮኸች፦

«ማሚ! እዚህ ፊት ለፊት ያሉት ስኳር አልቆባቸዋል!»

ደረጃው እስከ ታች አስተጋባው። ሞልታ ሰጠችኝ፤ አመሰግናለሁ ብዬ ተመለስኩ። እታለም መጋረጃውን ጥርቅም አድርጋ ስባዋለች። አዛውንቱ ብቻቸውን ሶፋው ላይ ተቀምጠው የተዘጋውን ቴሌቪዥን ትኩር ብለው ያያሉ።