የሚያፈርስም አደራ አለበት

ትልቅ ሕንፃ በፈንጂ ሲፈርስ የሚያሳይ ፊልም ባየሁ ቁጥር ዓይኔ የሚሄደው ወደ ተመልካቹ ነው። መውደቁ የሰከንዶች ጉዳይ ነው፤ ዝግጅቱ ግን ሳምንታት ይፈጃል። የውስጥ ግድግዳዎች አስቀድመው ይነሳሉ። የኮንክሪት ምሰሶዎች ተበስተው ፈንጂ ይቀበርባቸዋል፤ ፍንጣሪ እንዳያመልጥም በሽቦ መረብና በወፍራም ጨርቅ ይጠቀለላሉ። ፈንጂው በየተራ ሲፈነዳ ሕንፃው በገዛ ክብደቱ ይወድቃል። ከሁሉ በላይ ግን ሰው እንዲርቅ ይደረጋል።

ጁላይ 13 ቀን 1997 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ ዋና ከተማ በካንቤራ አንድ የቆየ ሆስፒታል ሲፈርስ የሆነው ተቃራኒው ነው። ሕዝቡ መጥቶ እንዲያይ ተጋበዘ፤ ከ100,000 የሚበልጥ ሰው በሐይቁ ዙሪያ ተሰበሰበ። 430 ሜትር ያህል ተወርውሮ የመጣ የብረት ቁራጭ ከቤተሰቧ ጋር ቆማ የነበረችን የ12 ዓመት ልጅ ገደለ።

ለመሆኑ ተጠያቂው ፈንጂውን ያጠመደው ብቻ ነውን? እኔ እንደዚያ አይመስለኝም። ስሌት ሊሳሳት ይችላል፤ ርቀት የሚጠበቀውም ለዚሁ ነው። ራቅ ብሎ የቆመ ሰው የሚቀርበት ትርዒት ብቻ ነው። አደጋን ትርዒት አድርጎ ሕዝብ የጠራ ግን፣ ጥሪውን አምኖ የመጣውን ሰው ሕይወት በእጁ ተቀብሏል። የሚገነባ ሰው አደራ እንዳለበት ሁላችንም እናውቃለን። የሚያፈርስም አለበት።